ሃምሳ ሁለት

ዶክተር ቴልሞ፣ ሐሙስ ዕለት «ጻፊው» ብለኸኝ ነበረ፣
ኪኒኑ ምን እንደ ጠገነ፣ ምንስ እንደ ሰበረ።
ጽሕፈት አይሆንልኝም፤ እጄ የለመደው ክር ነው፤
እንዲያው እንደ ዳንቴል ፈትል ከመጣልኝ ልጀምረው።

ከኪኒኑ በፊት ልቤ ሌባ ያየ ውሻ ነበር፤
ሌሊት ሌሊት ይነሣል የደረቴን አጥር ሊሰብር።
እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኜ፣ እጄን ደረቴ ላይ ጭኜ፣
«ተው እንጂ!» እለዋለሁ፣ እንደ ልጅ አባብዬ፣ ለምኜ።
የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ፣ ሃያ ሦስት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፣
ስድስተኛው ላይ ቆሜ ወደቡን የማይ እመስላለሁ።
ሰው እንዳያውቅብኝ እንጂ ወደቡስ መች ታየኝ?
ትንፋሼ ነው ከታች ቀርቶ አንጋጦ የሚያየኝ።

ከዚያ ይህች ነጭ ኪኒን መጣች። ቅርጿ የልብ ነው፣ ይገርማል፤
ፋርማሲስቱ ኤቫሪስቶ «በመስመሯ ስበሪያት» ይላል፤
ግማሿ ለጧት። በልጅነቴ ቢነግሩኝ እስቅ ነበር፣
ልቤን ላስታምም ብዬ በየማለዳው ልብ ስሰብር።

እውነቱን ልንገርህ፦ ሠራች። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ
ሌሊቱ ጸጥ አለ፤ የባሕሩን ድምፅ ብቻ ስሰማ
«ምን ጠፋ?» ብዬ ደነገጥሁ። የጠፋው የልቤ ጩኸት ነው።
ደረጃውም ተሻለ፤ አሥራ አራተኛው ላይ ነው የማርፈው።
ያ የክንድ መሣሪያም፣ የእህቴ ልጅ ከፖርቶ ያመጣችልኝ፣
ጧት ማታ «ሃምሳ ሁለት» ይላል፣ እንደ አሮጌ ሎሌ ታማኝ።

ጉዳቱንም ጠይቀህ የለ? በጣቶቼ ልጀምር።
በሐምሌ ድንጋዩ ሲፋጅ የእኔ ጣቶች ግን የጥር።
አርባውን የክር እንጨት ሳያዩ የሚያሾሩ፣ የሚያውቁ መንገዱን፣
ዛሬ እስፒሉን ይስቱታል፤ ሲወጋኝም አላውቅ መወጋቱን።
የቤኔዲታ የክርስትና ቀሚስ ከመጋቢት ጀምሮ ትራሴ ላይ አለ፤
የልጅ ልጄ ጥርስ አበቀለች፤ ዳንቴሉ ገና ክንድ አላከለ።
ሕልሙስ! እንዲህ ያለ ሕልም ሙሽራ ሳለሁም አላየሁ፤
ሰርዲን ዛፍ ላይ አፍርቶ በቅርጫት ስለቅም አድሬ ነቃሁ።
በድካሙ ግን አልከሳትም፤ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤
እርጅናም በዚያው በር ነው የሚገባው፤ ማን ይለየዋል?

አንድ ነገር ቀረ። ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ በመጣው ወረቀት፣
በዚያ በጉንዳን ፊደል መሐል፣ በአጉሊ መነጽር ፈልጌ አጣሁት።
በጥቅምት፣ ጭጋጉ ቪላ ዶ ኮንዴን እንዳለ ዋጣትና
የወደቡ ሳይረን ጮኸ። የልጄ ጀልባ አልገባችምና
ከሴቶቹ ጋር ሮጥሁ። ነፍሴ ቀድማኝ ግድቡ ጫፍ ደርሳለች፤
ጣቴን አንጓዬ ላይ ባኖር፣ የደም ሥሬ ቀስ ብላ ትመታለች።
ስልሳ ስምንት። ያ ብቻ።
ናርሲሶ በባሕር ሆድ ውስጥ፣ የእናት ልብ ስልሳ ስምንት!
ለቅሶ ቤት ተቀምጦ
ሰዓቱን እንደሚያይ ሰው ተቆጣሁት፤ አፈርሁበት።

ግን ግራሲንዳ ስትወድቅ ወገቧን የያዝሁ እኔ ነኝ፤
ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ የለ፤ ሞተሩ ከሁሉ በፊት ተሰማኝ።
መጣ። ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ «ምን ሆናችኋል?» አለን።
ሌሎቹ ሲያለቅሱ፣ እኔ «ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ና እንሂድ» አልሁ ልጄን።

ይህን ከጥቅሙ ልጻፈው ከጉዳቱ? አንተ ተምረሃል።

ደግሞ ልናዘዝ፦ በማግሥቱ ተውኋት። ሁለት ጧት።
ልቤ ለልጄ ሲሮጥ አንዴ ልስማው ብዬ። ውሻው ግን መጣ በእጥፍ ጉልበት፤
ኤቫሪስቶ ራሱን ይዞ «በድንገት አይቆምም! ስንቴ ልንገርሽ?» ብሎ ጮኸብኝ።
ተመልሻለሁ። ዛሬም ሰብሬ ዋጥሁ፤ ጣት የሌለው ጓንትም ሠራሁልኝ።

መጠኗን መቀነስ ትችል እንደሆን ሐሙስ እንነጋገራለን።
ቤኔዲታ ትናንት ከወንበሩ እስከ ጉልበቴ ሦስት እርምጃ መጣች።
ስንት እንደ መታ አልጻፍሁልህም፤
የመሣሪያው ባትሪ አልቋል።